ለ8ኛ ክፍል ተፈታኝ የትኛው እስክርቢቶ ይሻላል? (ጥያቄና መልስ)

የጠባሴዋ እናት (ደብረ ብርሃን)፦
ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ዘንድሮ 8ኛ ክፍል ናት። በጥር የመንፈቀ ዓመት ፈተና፣ በሰኔ ደግሞ ክልላዊው ይጠብቃታል። የምትጽፈው በግራ እጇ ነው፤ ወረቀቱንም በኃይል ትጫነዋለች። ጠዋት በብርዱ እስክርቢቶዋ አልጽፍ ይላታል፤ ረፋድ ላይ ደግሞ ቀለም እየተፋ ደብተሩን ያቆሽሸዋል። ጄል ልግዛላት ወይስ ተራውን? ስንትስ ልያዝላት? እርሳስስ የቱ ነው ደህናው?

መምህር ዘመንዝ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ሁለቱን ፈተና እንለያቸው። የሰኔው ምርጫ ነው፤ የመልስ ወረቀቱን የሚያነበው ማሽን ስለሆነ ክቡ የሚጠቆረው በእርሳስ ነው። በእስክርቢቶ የተጠቆረ ክብ ቢሳሳቱበት አይጠፋም፤ አንድ ጥያቄ ላይ ሁለት ክብ ከጠቆረ ደግሞ መልሱ አይቆጠርም። እዚያ ላይ እስክርቢቶ የሚያስፈልገው ፈታኙ «በእስክርቢቶ ሙሉ» ላለው ቦታ ብቻ ነው። እስክርቢቶ ዋናው መሣሪያ የሚሆነው በጥር ወር ፈተና ነው፤ አጭር መልስ፣ ድርሰትና የሒሳብ ስሌት ያለው እሱ ላይ ነው። ሰማያዊ ወይም ጥቁር ትያዝ። ቀይ የአራሚው ነው፣ አይነካ።

ሐኪመ ብዕር፦
ጠዋት ያለመጻፉና ረፋድ ላይ መትፋቱ ሁለት ብልሽት ቢመስልም ምክንያቱ አንድ ነው። የተራው እስክርቢቶ ቀለም ዘይታማና ወፍራም ነው፤ ጫፉ ላይ ያለችው ብይ እየተሽከረከረች ከቱቦው ወደ ወረቀቱ ታወጣዋለች። ውርጭ ሲሆን ቀለሙ ይጠጥርና ብይዋን ተከትሎ አይወርድም። ሙቀት ሲያገኘው ይቀጥንና ከሚፈለገው በላይ ይወጣል፤ ትርፉ በብይዋ ዙሪያ ተጠራቅሞ አንድ ቦታ ላይ ዱብ ይላል። ጫና ሲጨመርበት ይብሳል፤ ብይዋ የተቀመጠችበት የብረት ከንፈር እየሰፋ ይሄዳልና።

ስለዚህ በጥር ጠዋት እስክርቢቶውን በቦርሳ ሳይሆን በሹራብ ውስጥ፣ ሰውነት አጠገብ ትያዘው። ክፍል ስትገባ ጫፉን በሁለት መዳፏ መሐል ግማሽ ደቂቃ አሸት አሸት ታድርገው፤ ከዚያ ትርፍ ወረቀት ላይ የ8 ቁጥር ቅርጽ እያጠላለፈች አንድ መስመር ትሙላ። ረፋድ ላይ ደግሞ በየገጹ ጫፉን በቁራጭ ወረቀት ጠረግ ማድረግ ነው፣ ሌላ መድኃኒት የለውም።

የአንኮበሯ፦
ጄል ግዢላት ባይ ነኝ። ቀለሙ ውኃማ ስለሆነ ሳይጫኑት ይጽፋል፣ እጅ አያደክምም። እንደ ተራው ብርድ አያስቸግረውም።

ሐኪመ ብዕር፦
እጅ አያደክምም ያልሽው ልክ ነው፤ ለቀኝ እጅ ጸሐፊ እኔም እመክረዋለሁ። ይህች ልጅ ግን ግራኝ ናት። ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ መዳፏ አሁን በተጻፈው ላይ ነው የሚያልፈው። ጄል እስኪደርቅ ጥቂት ሰከንድ ይፈልጋል፤ ወፍራሙ ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። መስመሩ ሁሉ ይለቀለቃል፣ ላብ ወይም የዝናብ ጠብታ ከነካውም ይፈሳል። ቶሎ የማለቁም ነገር አለ፦ ተራ እስክርቢቶ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ሊጽፍ ይችላል፤ ጄል ከዚያ በጣም ያንሳል። ጄል ከተያዘ 0.5 ቁጥር ይሁን፤ ጫፉ ላይ እንዳይወድቅም ይጠበቅ፣ አንዴ ከወደቀ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም።

መምህር ዘመንዝ፦
ስለ ቁጥሩ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ወላጅ አያየውም። እስክርቢቶው ላይ 0.7 ወይም 1.0 የሚለው የብይዋ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። መስመሩ ከብይዋ ይቀጥናል፤ 1.0 የሚለው 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ያሰምራል። በላቲን ፊደል ይህ ልዩነት ብዙም አያስጨንቅም። በእኛ ፊደል ግን «ቢ» እና «ቤ»ን፣ «ሊ» እና «ሌ»ን የምትለየው እግራቸው ላይ ያለችው ትንሽ ቀለበት ናት። ወፍራም ጫፍ ወይም የሚተፋ ቀለም ቀለበቷን ይደፍናታል፤ አራሚው «ቤት»ን «ቢት» ብሎ ቢያነብ አይፈረድበትም። ጽሕፈቷ ደቃቅ ከሆነ 0.7 ይሁንላት። ጽሕፈቷ ሰፋ ያለ ከሆነና ከተጫነች ግን 1.0 ይሻላታል፤ ቀጭኑ ሲጫኑት ወረቀት ይቧጥጣል።

የጠባሴዋ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ። እሺ፣ ሱቅ ስገባ ደህናውን ከአስመሳዩ በምን ልለየው? «ቢክ ነው» እያሉ የሚሸጡት ሁሉ አንድ አይደለም።

ባለ ሱቁ (ሸዋሮቢት)፦
እትዬ፣ በዓይን ሳይሆን በወረቀት ነው የሚለየው። ግን በዓይንም የሚታይ አለ፦ ግልጽ አካል ያለውን ይምረጡ፣ ስንት ቀለም እንደቀረ ይታያል። ቀለሙ መሐል ላይ በአየር የተቆራረጠ ከሆነ ይመልሱት፣ እዚያ ሲደርስ መጻፉን ያቆማል። የቢክ ክሪስታል አካሉ ባለ 6 ጎን ስለሆነ ዴስክ ላይ አይንከባለልም። አካሉ ላይ ያለችው ቀዳዳ ደግሞ ብልሽት አይደለችም፤ የውስጡና የውጩ አየር እኩል እንዲሆን የተበሳች ናት፣ በፕላስተር አይድፈኗት። የክዳኑ ጫፍ መበሳቱም ልጅ ቢውጠው አየር እንዲያሳልፍ ነው።

ከዚያ ስስ ደብተር ወረቀት ላይ ይሞክሩት። አሥር ክብ ሳያነሡ፣ ከዚያ አሥር ነጥብ እያነሡ። ነጥቦቹ ላይ ከዘለለ ይተዉት። ክቦቹ ላይ ጎን ለጎን ሁለት መስመር፣ መሐሉ ባዶ ሆኖ ከወጣ ብይዋ አልተስተካከለችም። ጫፉን ወረቀት ላይ ቀስ ብለው ሲነቀንቁት ቀጭ ቀጭ ካለ ደግሞ ልል ነው፣ ነገ ይተፋል።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ቀለም የሚሞላ ብዕር ከእኛ አገር ገዝተው በደብረ ሲና አድርገው የጣርማ በርን አቀበት ሲወጡ ኪስዎ ውስጥ ቢያፈስ አይደነቁ። ሸዋሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ናት፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ገደማ፤ ብዕሩ ውስጥ የታሸገው አየር እስከዚያ አንድ አምስተኛ ያህል ሰፍቶ ቀለሙን ይገፋዋል። ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ መያዝ ነው። ተራው እስክርቢቶ ይህ ችግር የለበትም።

የአንኮበሯ፦
ያልሠራውን በክብሪት ጫፉን ሞቅ ማድረግስ? ሁሉም ሰው ያደርገዋል።

ሐኪመ ብዕር፦
ለቤት ሥራ ይሁን፣ ለፈተና እስክርቢቶ አይሆንም። ነበልባሉ ፕላስቲኩን ያላላዋል፣ ቀለሙንም ጫፉ ላይ ያደርቀዋል፤ ለአምስት ደቂቃ ጽፎ ከዚያ ጨርሶ ይሞታል። የሚሻለው የጫማ ሶል ጎማ ላይ ማሸት ነው፣ ጎማው ብይዋን ይዞ ያዞራታል። ወረቀቱ ላይ ቅባት ወይም የሻማ ጠብታ ካለ ግን ጥፋቱ የእስክርቢቶው አይደለም፤ ቅቤ የነካ ጣትም ይህንኑ ያመጣል። ያልደረቀ ኮሬክተር (ነጭ የቀለም ማጥፊያ) ላይ መጻፍም ብይዋን ይደፍናል። በሙቀት የሚጠፋውን እስክርቢቶ ደግሞ ፈተና ላይ አታስጠጉት፤ ወረቀቱ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ቢቆይ ጽሑፉ ሊጠፋ ይችላል።

መምህር ዘመንዝ፦
ለግራ እጇና ለመጫኗ፦ ወረቀቱን የሰዓት እጅ በሚዞርበት አቅጣጫ ትንሽ ታዘንብለው፣ መዳፏም ከመስመሩ ሥር ይሁን። ከጫፉ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ራቅ አድርጋ ትያዘው፤ ቀረብ ብሎ የሚይዝ ልጅ ነው የሚጫነው። መጫኗን ለማወቅ ገጹን ገልብጠሽ በጣትሽ ዳሰስ አድርጊው፤ የጎረበጠ ከሆነ ትጫናለች። ለጽሑፍ ፈተና ከሥሩ ሁለት ሦስት ወረቀት ይኑር፣ ባዶ ጠንካራ ዴስክ ላይ ብይዋ ትንሸራተታለች። የእርሳሱ መልስ ወረቀት ግን ተቃራኒው ነው፤ ለስላሳ ነገር ላይ ከሆነ ይሰረጉዳል።

እርሳሱ ኤች ቢ (HB የሚል የተጻፈበት) ይሁን፣ ሁለት የተቀረጹ። አንዱ ሹል ለስም፣ ሌላው ደነዝ ያለ ለማጥቆር፤ ደነዙ ክቡን ቶሎ ይሞላል፣ ወረቀትም አይበሳም። ሲገዛ ጥቁሩ በትክክል እንጨቱ መሐል መሆኑ ይታይ፤ ወደ ጎን ካጋደለ በመቅረጫ ሲቀረጽ ይሰበራል። ላጲሱ ነጭና ለስላሳ። ከማጥፋቷ በፊት ትርፍ ወረቀት ላይ አሸት ታድርገው፣ የቆሸሸ ላጲስ ጥላ ይተዋል፣ ያንን ጥላ ማሽኑ መልስ ነው ብሎ ሊያነበው ይችላል። ምራቅ በጭራሽ።

የጠባሴዋ እናት፦
ስንት እስክርቢቶ የሚለው ቀረ።

ባለ ሱቁ (ሸዋሮቢት)፦
ሦስት፣ ሁሉም አንድ ዓይነትና አንድ ቀለም፤ መሐል ላይ ቢቀያየር ጽሑፉ እንዳይለያይ። አዲሶቹን በዋዜማው አንድ አንድ ገጽ ያስጽፉባቸው፤ አንዳንዱ ጫፉ ላይ እንዳይደርቅ የተደረገች የሰም ጠብታ አለችው፣ እሷ ሳትለቅ ፈተና ክፍል ይዛው እንዳትገባ።