ቡና አልጠጣም ብዬ አከራዬን እንዴት ልንገራቸው?

የቦርከና ተከራይ
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ እያለሁ በኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን ተጠመቅሁ። ሰው ሞርሞን የሚለን ማለት ነው። ገና ዓመት አልሞላኝም። አሁን ለሥራ ኮምቦልቻ መጥቻለሁ፣ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። አከራዬ ትልቅ ሙስሊም እናት ናቸው፣ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ።

ችግሬ ቡናው ነው። እኛ ቡናም ሻይም አንጠጣም። እማማ ደግሞ ቡና አፍልተው ሳይጠሩኝ ውለው አያውቁም። የመጀመሪያ ቀን ደንግጬ "ጨጓራዬን ያመኛል" አልኳቸው። በማግስቱ አብሽ በጥብጠው፣ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው በሬ ድረስ አመጡልኝ። "ለጨጓራህ ነው፣ በባዶ ሆድህ ጠጣው" አሉኝ። ጠጣሁት፣ ግን የዋሸሁት ነገር እስካሁን ሆዴን ይበላኛል።

ሌላው፣ እሁድ ፈረቃ ይደርሰኛል፣ እዚህ ደግሞ የእምነቴን ሰው አላገኘሁም። ቁርባኑን ብቻዬን ቤቴ ማድረግ እችላለሁ? አስራትስ የሚወጣው ከጥቅል ደሞዝ ነው ወይስ እጄ ላይ ከሚገባው? የምታውቁ እርዱኝ።

እህት ከሳሪስ
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ውሸቱን አስተካክል። ቡናውን ለእምነትህ ብለህ ትተህ በዚያው አፍህ መዋሸት አይሄድም። እኔም ስጀምር ለአክስቴ "ግፊት አለብኝ" ብዬ ነበር። እሷ ጨው የሌለው ወጥ ለብቻዬ መሥራት ጀመረች። ሁለት ወር ሙሉ ለኔ ብላ ሁለት ድስት ስትጥድ እያየሁ ዝም ማለቴ እስካሁን ያሳፍረኛል።

የጥበብ ቃል የምንለው የጤና ሕጋችን በፈረንጆቹ 1833 የተሰጠ ነው፣ ትምህርትና ቃል ኪዳኖች በሚባለው ቅዱስ መጽሐፋችን ክፍል 89 ላይ ታገኘዋለህ። አልኮል፣ ትምባሆ፣ ቡናና ሻይ አንወስድም። ሻይ የተባለው ከሻይ ቅጠል የሚፈላው ነው፣ አረንጓዴውም ይገባበታል። ጦስኝ፣ ዝንጅብል፣ ጤናዳም ግን ሌላ ናቸው፣ እኔ ጠዋት ጠዋት ጦስኝ ነው የምጠጣው። ቀሽር፣ ከቡና ገለባ የሚፈላው፣ ከራሱ ከቡናው ስለሆነ አልነካውም። ቀሪቦ፣ የገብሱን መጠጥ፣ ካቀረቡልህ ደግሞ መቼ እንደተጠመቀ ጠይቅ፣ ሲቆይ ይቦካል።

ደሴ ሆጤ
እኔ ሙስሊም ነኝ፣ የናንተን ሃይማኖት ብዙ አላውቅም። ወሎ ውስጥ ቡና እንዴት እንቢ እንደሚባል ግን ልንገርህ። እኛ ዘንድ የሚያስቀይመው ሲኒውን አለመቀበልህ አይደለም፣ ስትጠራ አለመምጣትህ ነው። ሲጠሩህ ሂድ። ቁጭ በል። ዱዓ ሲደረግ አሚን በል፣ ይሄ የሚከለክልህ ካልሆነ። ቆሎውን ብላ። አቦል ጀባ ሲሉህ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ "እማማ፣ በሃይማኖቴ አልጠጣም፣ ጨዋታው ግን አይቅርብኝ" በላቸው። እናቴ ግቢ ውስጥ የሐኪም ትእዛዝ ያለባቸው ሦስት ጎረቤቶች አሉ፣ አንድ ሲኒ ሳይጠጡ በረካው እስኪወርድ አብረው ይቀመጣሉ፣ ማንም ምንም አይላቸውም። ክፍልህ ገብተህ በር ከዘጋህ ግን ሰፈሩ ሁሉ ይቀየምሃል።

ሰላም ፈላጊ
እኔ ግን አንድ ሲኒ ብትጠጣ እግዚአብሔር የሚቀየምህ አይመስለኝም። የእናት ልብ ከመስበር አይሻልም?

እህት ከሳሪስ
@ሰላም ፈላጊ ሐሳብህ ከደግነት እንደመጣ ይገባኛል። ግን ልጁ ሲጠመቅ ቃል ገብቷል። አንተ አርብ ቀን ቅቤ ያለው ሽሮ ቢቀርብልህ "ሰውዬው እንዳይከፋው" ብለህ ትበላለህ? እሱም እንደዚያው ነው።

የቀድሞ ጸሐፊ
ቁርባኑን በራስህ አትጀምር። ክህነት ቢኖርህም ዳቦና ውሃውን ቤት ውስጥ ለመባረክ የመሪህ ፈቃድ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ያለው የቀድሞ ቅርንጫፍህ ፕሬዚዳንት፣ ማለትም የጉባኤህ መሪ፣ ጋ ዛሬውኑ ደውል፣ ያለህበትንም ንገረው። አዲስ አባል ሥራ ብሎ ክፍለ ሀገር ወጥቶ ሳይደውል ሲቀር ስንት ጊዜ አይቻለሁ፣ እዚያው ነው የሚጠፋው። እስከዚያው ጸሎትና መጽሐፍ ማንበብ ፈቃድ አይጠይቅም።

ስለ አስራት፣ አንድ አስረኛ ነው። በፈረንጆቹ 1970 የቤተክርስቲያናችን ዋና መሪዎች በጻፉት ደብዳቤ "ከገቢ" ማለት እንደሆነ ገልጸው ከዚያ በላይ ማንም ሌላ ትርጉም እንዳይሰጥ አሉ። ስለዚህ ጥቅሉ ይሁን የተጣራው አንተና ጌታ የምትጨርሱት ነው። ማንም የደሞዝ ወረቀት አምጣ አይልህም።

ወርሃዊውን ጾም አልጠየቅክም ግን ይመጣብሃል። ብዙ ጊዜ የፈረንጆቹ ወር የመጀመሪያ እሁድ ነው፣ በእኛ ካላንደር እንዳትቆጥረው። ሁለት ማዕድ ያህል እህልም ውሃም የለም። የምግቡን ዋጋ ወይም ከዚያ በላይ ለችግረኛ መባ ትሰጣለህ። ከባድ ማሽን ላይ ከሆንክ ወይም ካመመህ በአቅምህ ጹም፣ ራስህን እንድትጥል የሚፈልግ የለም።

የፈረቃ ሰው
እኔም ኮምቦልቻ ነው የምሠራው። የእሁዱ መፍትሔ አለው። አርብ ለጁምዓ መውጣት የሚፈልግ የሥራ ጓደኛ አታጣም። የሱን የአርብ ቀን አንተ ያዝለት፣ ያንተን እሁድ እሱ ይያዝልህ። እኔ ለፋሲካና ለገና እንደዚያ ነው የማደርገው፣ ለዒድ ደግሞ እኔ እገባለታለሁ። ብቻ ተስማምታችሁ ለአለቃ በጽሑፍ አስገቡ፣ በቃል ብቻ ከሆነ ቀሪ ትባላለህ።

የቦርከና ተከራይ
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ትናንት ነገርኳቸው፣ የጨጓራውንም ጭምር። እማማ ዝም ብለው ከሰሉን በመቆንጠጫ ሲያገላብጡ ቆዩና "ታዲያ ያን ሁሉ አብሽ ለምን ጠጣህልኝ?" አሉ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ከዚያ ስለ ጾማችን ጠየቁኝ። ውሃም እንደማይጠጣ ስነግራቸው ፊታቸው ፈታ አለ፣ "ይሄማ እንደኛ ነው፣ ማፍጠሪያህ እኔ ጋ ነው" አሉኝ።

ዛሬ ስገባ ረከቦቱ ላይ ከጀበናው ጎን ትንሽ ማንቆርቆሪያ ተቀምጣለች። ጦስኝ ነው። በሲኒ ቀድተው "አቦል ጀባ" አሉኝ።

ለቅርንጫፍ ፕሬዚዳንቱም ደውያለሁ፣ መልስ እየጠበቅኩ ነው። ስለ ፈረቃው ሰኞ አለቃዬን አናግራለሁ።