ኩንግስሌደን፦ ከአቢስኮ እስከ ኒካሉኦክታ በ5 ቀን ይቻላል?

የጫካ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ከስቶክሆልም ተነስተን ሰሜን ስዊድን ተራሮች ውስጥ የሚያልፈውን የኩንግስሌደን የእግር መንገድ ልንሄድ አስበናል። ድንኳን አለን፣ የተራራ ልምድ ግን የለንም። የምንፈልገው ጸጥታ ነው። 5 ቀን ይበቃናል? ወሩስ የትኛው ይሻላል?

እግረኛው
እህቴ፣ መንገዱ 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለ5 ቀን ሲካፈል በቀን 21 ይመጣል። መሬቱ ድንጋያማ ነው፣ ጀርባችሁ ላይ ደግሞ ከ12 እስከ 15 ኪሎ ይኖራል። መሃል ላይ የመኪና መንገድ የለም፣ ስልክም በአብዛኛው አይሠራም፤ በሦስተኛው ቀን ጉልበቱ እምቢ ያለው ሰው መውጫ ያጣል። ለጀማሪ አልመክርም።

ይልቅ ደርሶ መልስ አድርጉት። የመጀመሪያው ቀን አቢስኮያውሬ እስከሚባለው የመንገደኞች ማረፊያ ጎጆ 15 ኪሎ ሜትር፣ በማግስቱ እስከ ቀጣዩ ጎጆ አሌስያውሬ 20። ሦስተኛውን ቀን ድንኳኑን እዚያው ተክላችሁ፣ ቦርሳችሁን አቅልላችሁ ወደ ቸክቻ የተራራ ማለፊያ በኩል የቻላችሁትን ያህል ሂዱ። ከዚያ በመጣችሁበት መመለስ ነው። አቢስኮ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ድንኳን የሚተከለው በተመደበለት ቦታ ብቻ መሆኑን አትርሱ።

ሰሜን ብርሃን
ጸጥታ ካላችሁ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ በፈረንጆቹ። ሐምሌ ላይ ቢምቢው አያስቀምጥም፤ በወሩ መጀመሪያ 1,150 ሜትር ከፍታ ያለው የቸክቻ ማለፊያ ገና በረዶ ሊኖረው ይችላል። ነሐሴ ላይ ደግሞ ፊየልራቨን ክላሲክ የሚባለው ጉዞ 2,000 ያህል ሰው በዚሁ መንገድ ይዞ ይመጣል፤ ቀኑን አይታችሁ ሽሹት። በመስከረም የበርች ዛፉ ቅጠል ቢጫ ይሆናል፣ ሌሊቱ ግን ከዜሮ በታች ይወርዳል። የመኝታ ከረጢት ስትገዙ «ሊሚት» (የመጨረሻው የብርድ ወሰን) የሚለውን ቁጥር ሳይሆን «ኮምፈርት» (ተመችቶ የሚያስተኛው ሙቀት) የሚለውን እዩ፤ −5 ዲግሪ ይሁን።

እግረኛው
ስለ እግር ልጨምር። ረግረጉ ላይ የተነጠፈው ሳንቃ ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። እርምጃ አሳጥሩ፣ ምርኩዙን በሁለቱ ሳንቃ መሃል አትስደዱት፤ ከተሰነቀረ ይሰበራል ወይም ይጥላችኋል። ተረከዛችሁ መጋል ሲጀምር እዚያው ቆማችሁ ፕላስተር ለጥፉ፣ ውሃ እስኪቋጥር አትጠብቁ። አንድ ጥንድ የሱፍ ካልሲ ለመኝታ ብቻ ይቀመጥ።

ሰሜን ብርሃን
ለምሳ በሶ ያዙ፤ እሳት አይፈልግም፣ ጋዝ ይቆጥባል። መጀመሪያ ውሃውን ኮዳው ውስጥ፣ ከዚያ በሶውን ጨምራችሁ ምቱት። ዱቄቱ ከቀደመ ሥሩ ላይ ይጓጉላል፣ ኮዳውም በቀዝቃዛ የጅረት ውሃ አይለቅም።