የትርጉም ቢሯችን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሉን በራሱ ማሽን ቢያስኬድ ከኩባንያና ከኢንተርኔት ጥገኝነት ይላቀቃል ወይ?

የአራት ኪሎው ተርጓሚ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ የትርጉም ቢሮ ውስጥ ነው። ሥራችን በአብዛኛው የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የውክልና ሰነድ፣ የንግድ ውልና የፍርድ ቤት ውሳኔ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም ሲሆን፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የመጀመሪያውን ረቂቅ በአንድ የውጭ ኩባንያ የሰው ሠራሽ አስተውሎት አገልግሎት እያወጣን፣ ከዚያ ሰው መስመር በመስመር እያረመው እናስረክባለን።

አሁን ሁለት ችግር ገጥሞናል። የመጀመሪያው፣ በአንድ የግድያ ወንጀል ውሳኔ ውስጥ የሰፈረውን የአስከሬን ምርመራ ውጤት እንዲተረጉም ስናስገባለት፣ ይዘቱ ከደንቡ ጋር የማይስማማ መሆኑን ገልጾ አልተረጉምም ማለቱ ነው። ሰነዱ ችሎት ላይ የተነበበና ማኅተም ያረፈበት የመንግሥት ሰነድ ነው፤ ሆኖም የሚያስረዱት ሰው የለም። ጥቂት ቆይቶ መለያችን በቂ ምክንያት ሳይሰጠን ታገደ። ሁለተኛው ችግር ክፍያው በውጭ ምንዛሬ መሆኑ ነው፤ በየወሩ ካርድ ያለው ዘመድ መለመን ሰልችቶናል።

ስለ ያልተማከሉ አማራጮች፣ ማለትም በዓለም ዙሪያ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተራቸውን አጋርተው በጋራ ስለሚያስኬዷቸው ሞዴሎች (ጽሑፉን ስለሚያመነጩት ፕሮግራሞች) አንብቤአለሁ። ለእንደኛ ዓይነቱ ቢሮ ይሆናሉ ወይ? ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ጊዜስ ያገለግላሉ? ካልሆኑ፣ ሞዴሉን በራሳችን ማሽን ላይ ማስኬድ በእኛ አቅም የሚቻል ነገር ነው?

ሰርቨር ጠባቂ

ያነሷቸው ሁለት ነገሮች ብዙ ጊዜ በአንድ ስም ስለሚጠሩ ይምታታሉ። አንደኛው የሞዴሉን ፋይል በእጅ ማስገባት ነው፤ ሌላው የማያውቁትን ሰው ማሽን በኔትወርክ መጋራት ነው። ለእርስዎ ቢሮ የሚረባው የመጀመሪያው ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከመጋራቱ ልጀምር። ከታወቁት ምሳሌዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2022 ከቢግሳይንስ የምርምር ትብብር የወጣው ፔታልስ ነው። ይህ ሥርዓት 176 ቢሊዮን ፓራሜትር (በሥልጠና የሚስተካከል የሞዴሉ ቁጥር) ያለውንና ተራ ኮምፒውተር ጨርሶ የማይሸከመውን ብሉም የተባለ ሞዴል ከፋፍሎ በበጎ ፈቃደኞች ማሽኖች ላይ ያሰራጭና፣ እያንዳንዱ ማሽን የድርሻውን አስልቶ ለሚቀጥለው እንዲያቀብል ያደርጋል። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ነገር ግን ጽሑፉ የሚያልፈው በማያውቋቸው ሰዎች ማሽን በኩል ስለሆነ፣ የደንበኛን የፍቺ ውሳኔ በዚያ መስመር መስደድ ለኩባንያ ከመስጠት የባሰ እንጂ የተሻለ አይደለም። ኢንተርኔት የተቋረጠ ዕለት ደግሞ አብሮ ይቆማል። ብሉም ራሱም በ46 ቋንቋዎች ሲሠለጥን ስዋሂሊ፣ ዮሩባና ኪንያርዋንዳ ተካተው አማርኛ ቀርቷል። በክሪፕቶ ክፍያ ስለሚሠሩት ኔትወርኮች አላወራም፤ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ያወጣውን ማስጠንቀቂያ ያነበበ ሕጋዊ ቢሮ ወደዚያ አይሄድም።

ፋይሉን በእጅ ማስገባት ግን ዛሬ በተግባር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ ላማ የተባለ ሞዴሉን ለተመራማሪዎች ከለቀቀና ፋይሉ ብዙም ሳይቆይ በኢንተርኔት ከተሰራጨ በኋላ፣ ጆርጂ ጌርጋኖቭ የተባለ ፕሮግራመር በመጋቢት ወር ላማ ሲፒፒ የተባለውን በተራ ኮምፒውተር ላይ ሞዴል የሚያስኬድ ፕሮግራም አወጣ። ኦላማን የመሳሰሉት ለጀማሪ ቀላል የሆኑ ፕሮግራሞች የቆሙት በዚያ ሥራ ላይ ነው። ስሌቱ ይኸውና፦ 8 ቢሊዮን ፓራሜትር ያለው ሞዴል እያንዳንዱ ቁጥር በ16 ቢት ሲቀመጥ 16 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ቁጥሮቹ ወደ 4 ቢት ሲጨመቁ ከጥራቱ ጥቂት አጉድሎ ወደ 5 ጊጋባይት ይወርዳል። 27 ቢሊዮን ያለው የጎግል ጌማ 3 በዚሁ መጠን ሲጨመቅ 17 ጊጋባይት ገደማ ስለሚሆን፣ 24 ጊጋባይት ማስታወሻ ባለው ግራፊክስ ካርድ ላይ ይገባል። በእኔ ግምገማ በዚህ መጠን ካሉት ውስጥ አማርኛን ሳያንገዳግድ የሚጽፈው እርሱ ነው፤ ሌሎቹ ሁለት ገጽ ሳይሞሉ ቃል መፍጠር ይጀምራሉ።

ማንም የማይነግርዎት ነገር የፊደላችን ዋጋ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ በተለመደው የዩኒኮድ አቀማመጥ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ፣ የግዕዝ ፊደል ግን 3 ባይት ይይዛል። «ኢትዮጵያ» በእኛ ፊደል አምስት ሆና 15 ባይት ትፈጃለች፤ በእንግሊዝኛ ስምንት ፊደል ሆና 8 ባይት ብቻ ናት። ጽሑፍን ሞዴሉ ወደሚያነባቸው ቁርጥራጮች (ቶከን) የሚቆርጠው ክፍል አማርኛን በብዛት ሳያይ የተሠራ ከሆነ ደግሞ፣ አንዲቱን ፊደል ራሷን ሁለትና ሦስት ቦታ ይሰብራታል። ውጤቱም ያው የውል ገጽ በአማርኛ ሲገባ ከእንግሊዝኛው ብዙ እጥፍ ቶከን መፍጀቱ ነው፤ ክፍያው በቶከን ከሆነ ይወደዳል፣ በራስ ማሽን ከሆነ ይዘገያል፣ ሞዴሉ በአንድ ጊዜ ሊያስታውሰው የሚችለው የገጽ ብዛትም ያንሳል። ስለዚህ ሞዴል ስትመርጡ በስም ዝና ሳይሆን፣ አንድ ገጽ የራሳችሁን ሰነድ ሰጥታችሁ ስንት ቶከን እንደሚያወጣ በማየት ምረጡ።

ትርጉም ብቻ ከሆነ ጉዳያችሁ፣ ትልቅ ሞዴል የግድ ላያስፈልግ ይችላል። ሜታ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 የለቀቀው ኤንኤልኤልቢ የተባለ የትርጉም ሞዴል 200 ቋንቋዎችን ሲይዝ አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ አሉበት፤ ትንሹ ዓይነት 600 ሚሊዮን ፓራሜትር ብቻ ስለሆነ ያለ ግራፊክስ ካርድ በተራ የቢሮ ኮምፒውተር ይሠራል። ሆኖም ፈቃዱ ለንግድ ሥራ መጠቀምን ስለሚከለክል ገንዘብ ተቀብላችሁ ለምትሠሩት ሥራ አይሆንም። የጎግል የትርጉም ሞዴል ማድላድ 400 በአፓቺ ፈቃድ ስለወጣ በዚህ በኩል ነፃ ነው። ሁለቱም በአጫጭር ዓረፍተ ነገር የተካኑ ናቸው፤ የፍርድ ቤቶቻችን ዓረፍተ ነገር ግን አንዳንዴ አራት ነጥብ ሳያገኝ ገጽ ይጨርሳል፣ እርሱን አስቀድሞ መቆራረጥ የሰው ሥራ ነው።

ጠበቃ ከልደታ

ቴክኒኩን ለባለሙያው ትቼ፣ ጠያቂው ያላነሱትን አንድ ነገር ልጨምር። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሌላን ሰው የግል መረጃ የሚያስተናግድ አካል ላይ ግዴታ ይጥላል፤ መረጃው ከአገር ወደ ውጭ የሚተላለፍበትንም ሁኔታ በቅድመ ሁኔታ ያስራል። የትርጉም ቢሮ የሚይዘው ደግሞ ሙሉ ስም፣ የልደት ቀን፣ የጤና ሁኔታ፣ የወንጀል ሪከርድ፣ አንዳንዴም የሕፃናት ጉዳይ ነው። ስለዚህ እስከ ዛሬ ሰነዶቹን ውጭ ወዳለ ሰርቨር ስትልኩ ደንበኛው ፈቅዶ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ፣ መለያችሁ ከመታገዱ ይልቅ ሊያሳስባችሁ የሚገባ ይመስለኛል። ሞዴሉ ከቢሮ የማይወጣ ከሆነ ይህ ጥያቄ በአብዛኛው ይቀልላችኋል። እኔ ይህን ጉዳይ ከሳንሱር በፊት የማየው ለዚህ ነው።

ኃላፊነቱ ግን አይቀልም። ረቂቁን ማንም ያውጣው ማን፣ ፊርማውና ማኅተሙ የእናንተ ነው። ኩባንያው ቢያንስ ሊከሰስ የሚችል አካል ነው፤ ከኢንተርኔት ያወረዳችሁት ፋይል ግን ተጠያቂ የለውም። የሰነዶች ማረጋገጫ ዘንድ ቀርቦ ስሕተት የተገኘበት ትርጉም «ሞዴሉ ነው» በሚል መከላከያ አይታለፍም።

ታዛቢ ከካዛንቺስ

በሁለቱም መልሶች እስማማለሁ፣ ነገር ግን ጥያቄው ውስጥ ስላለው ተስፋ አንድ ሁለት ነገር ማለት ይገባል። «ያልተማከለ» ሲባል ሰው መዘጋትንም መቋረጥንም አብሮ የሚያልፍ ይመስለዋል። በአገራችን ያየነው ግን ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ወር ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲዘጉ ኢንተርኔቱ አለ፤ ያኔ ቪፒኤን የጫነ ሁሉ ያልፍ ነበር። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ግን ኢንተርኔቱ ራሱ በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋረጠ፤ በትግራይ ደግሞ ሁለት ዓመት ገደማ ቆየ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ያልተማከለም የተማከለም እኩል ነው። የሚሠራው በቢሮው ውስጥ ገመድ ለገመድ የተገናኘው ብቻ ነው፤ ለመልእክት እንደ ብራየር ያለ በብሉቱዝና በዋይፋይ ከስልክ ወደ ስልክ የሚያደርስ ፕሮግራም፣ ለማጣቀሻ ደግሞ ዊኪፒዲያን አውርዶ ያለ መስመር የሚያስነብበው ኪዊክስ።

ማዕከላዊነት የመንግሥት ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 20 ቀን 2025 የአማዞን የክላውድ አገልግሎት በአሜሪካ ቨርጂኒያ በሚገኘው ክልሉ ሲስተጓጎል፣ በነፃነቱ የሚወደሰው የመልእክት መተግበሪያ ሲግናል ሳይቀር አብሮ ታወከ። ሳንሱርን የሚጠላ ድርጅት ቤቱን የተከራየው ከማን እንደሆነ ያን ቀን ሁሉም አየ።

ሦስተኛው ነገር፣ ሳንሱሩ ፋይሉ ውስጥም ሊኖር መቻሉ ነው። ዲፕሲክ አር1 የተባለው የቻይና ሞዴል እ.ኤ.አ. በጥር 2025 በነፃ ፈቃድ ሲለቀቅ፣ በቻይና እንዳይነሳ ስለተከለከለው የቲያናንመን አደባባይ ግድያ ለሚጠይቀው ሰው ማምለጫ መልስ ይሰጥ ነበር፤ ማሽኑ የእርስዎ ስለሆነ ብቻ ያ ዝምታ አይጠፋም። ልዩነቱ ፋይሉ በእጅ ስላለ ሌላ ሰው እንደገና ሊያሠለጥነው መቻሉ ነው፤ በወር ውስጥም ፐርፕሌክሲቲ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ያንኑ አድርጎ የተቃና ያለውን ዓይነት ለቋል። የአስከሬን ምርመራ አልተረጉምም ያላችሁ ሞዴልም መልሱ ከኩባንያው ማጣሪያ ይሁን ከሞዴሉ ሥልጠና የሚታወቀው ከሌላ ጋር ሲነጻጸር ነው።

ደግሞም ቁጥጥር የሚባል ነገር ጨርሶ ይቅር ከሚሉት ወገን አይደለሁም። የቀድሞዋ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ለአሜሪካ ሴኔት ስትመሰክር፣ የፌስቡክ አሠራር በኢትዮጵያ የብሔር ግጭትን እያራገበ መሆኑን ተናግራለች። የእኛ ችግር ቁጥጥር መብዛቱ ብቻ ሳይሆን፣ የሚቆጣጠረው ሰው ቋንቋችንን አለማወቁም ነበር። እንደ ማኅበራዊ መድረኩ ማስቶዶን ባሉት ብዙ ትንንሽ ሰርቨሮች አሠራር የምወደው ይህንን ነው፤ የሚያነሳውና የሚተወው ባለቤት የሚታወቅ፣ አማርኛም የሚያነብ ሰው ሊሆን ይችላል። መጥፎ ባለቤት ሲገጥም ግን የሚከስሱበት ቦታ የለም፤ ይህን ጠበቃው በሌላ አቅጣጫ ተናግረውታል።

የአራት ኪሎው ተርጓሚ

ለሁላችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው። የጠበቃውን ነጥብ ለባለቤቱ አቅርቤዋለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ የሰው ስም ያለበት ሰነድ ወደ ውጭ እንዳይላክ ተስማምተናል። ሰርቨር ጠባቂን ልጠይቅ፦ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ያለን ሦስት ቢሮዎች አንድ ማሽን ገዝተን ብንጋራ ይሆናል? መብራቱስ? ለመጀመር ምን እንሞክር?

ሰርቨር ጠባቂ

ይሆናል፤ እንዲያውም በዚህ ክር ላይ የቀረበው እውነተኛው ያልተማከለ ሐሳብ ይኸው የእርስዎ ነው። በሕንፃው ውስጥ የኔትወርክ ገመድ ዘርግታችሁ ማሽኑን ከኢንተርኔት ለይታችሁ ብታስቀምጡት መስመር ቢኖርም ባይኖርም ይሠራል። ሦስቱ ቢሮዎች የየራሳቸው መለያ ይኑራቸው፤ ፕሮግራሞቹ የገባውን ጽሑፍ በመዝገብ የሚያስቀሩ ከሆነም ያንን አጥፉት፣ አለበለዚያ የአንዱን ደንበኛ ውል ጎረቤት ያነበዋል። ስለ መብራት፣ 24 ጊጋባይት ማስታወሻ ያለው አርቲኤክስ 3090 ካርድ ብቻውን በሙሉ አቅሙ 350 ዋት ያህል ስለሚወስድ፣ ለኮምፒውተር ተብሎ የሚሸጠው ትንሽ ዩፒኤስ የሚበቃው ሥራውን አስቀምጦ ለማጥፋት ብቻ ነው። ሙሉ ቀን መሥራት የሚፈልግ በሕንፃው ጄኔሬተር መስመር ላይ ያስገባው። የሞዴሉን ፋይል መስመሩ ደህና በሆነ ሌሊት አውርዳችሁ በውጭ ዲስክ ላይ ቅጂውን አስቀሩ፤ አሳታሚው ነገ ከድረ ገጹ ቢያነሳው እንኳ በእጃችሁ ያለው ይቀራል።

ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ትንሹን ሞዴል አሁን ባላችሁ ኮምፒውተር ላይ ጭናችሁ፣ አርማችሁ ያስረከባችኋቸውን የቆዩ ሰነዶች ስጡትና ከመጨረሻው ትርጉማችሁ ጋር አነጻጽሩ። ሁለት ቦታ ላይ አትመኑት። የሰው ስም የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል መግጠም ስላለበት፣ ስሙን ከፓስፖርቱ ቅጂ ላይ ሰው ይገልብጠው፤ ሞዴሉ አንዱን «ፀሐይ» በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ዓይነት አድርጎ ይጽፈዋል። የቀን ልወጣውንም አትስጡት። መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ላይ ሲውል፣ መስከረም 1 ቀን 2017 ግን ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ የጳጉሜን ስድስተኛ ቀን የሚያመጣውን ይህን ለውጥ ሞዴሎቹ በድፍረት ይሳሳቱታል፣ ጥቂት መስመር ያለው ተራ የማስሊያ ፕሮግራም ግን አይሳሳተውም። ፕሮግራሙን ከፈለጋችሁ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።