ማሲንቆው ሲጀመር ድምፁ እየሰመጠ ይጠፋል፤ ጥፋቱ የማይኩ ነው ወይስ የኦቢኤስ?

ጠያቂ፦ የቧንቧ ውሃ ልጅ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ከውጫሌ የመጡትን አጎቴን ቤታችን አስቀምጬ ወጋቸውንና ማሲንቋቸውን ኦቢኤስ በሚባለው የኮምፒውተር መቅረጫና ማስተላለፊያ ፕሮግራም እየቀረጽሁ ነው፤ አንዳንድ ቀንም በቀጥታ አስተላልፋለሁ። የምጠቀመው ሁለት ማስገቢያ ያለው አነስተኛ የድምፅ ካርድ ሲሆን፣ በአንደኛው ማስገቢያ 48 ቮልት የሚፈልግ ኮንደንሰር ማይክ ተሰክቷል፤ የቮልቱም ማብሪያ በርቷል።

አጎቴ ሲያወሩ ድምፃቸው ጥርት ብሎ ይሰማል። ማሲንቋቸውን አንስተው አምባሰልን ሲጀምሩ ግን የመጀመሪያው ድምፅ ብቻ ይሰማና ቀጣዩ ውሃ ውስጥ እንደገባ ነገር እየሰመጠ ይጠፋል፤ ማዜም ሲጀምሩ ደግሞ ማሲንቆው ከድምፃቸው ሥር እየተቆራረጠ ብቅ ይላል። ትናንት ማታ ዓይኔን ከኦቢኤሱ ሚክሰር (የድምፁን መጠን ከሚያሳየው ክፍል) ላይ ሳልነቅል ተከታተልሁ፤ እርሳቸው ደጋኑን በሙሉ ክንዳቸው እየሳቡ ሳለ መለኪያው ወደ ግራ ይሸሻል። በዚያው ሰዓት የእህቴ ልጅ በስልኩ የቀረጸው ግን ምንም እንከን የለበትም። በዚህ ላይ የኦቢኤሱ ቅጂ የሚሰማው በግራ ጆሮ ብቻ ነው። ገመድ ቀይሬያለሁ፣ ፕሮግራሙንም አጥፍቼ እንደገና ጭኛለሁ። ማይኩን ለሸጠልኝ ሰው ልመልስለት?

መልስ 1፦ ከኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ የናሙና መጠኑን (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ) ይመልከቱ። ዊንዶውስ ላይ 44.1 ኪሎኸርዝ፣ ኦቢኤስ ላይ ደግሞ 48 ኪሎኸርዝ ተመርጦ ከሆነ ድምፁ ሊንጫጫ ወይም በረጅም ቅጂ ላይ ከምስሉ ጋር ሊለያይ ስለሚችል ሁለቱንም 48 ያድርጓቸው። ይህ ካልፈታው ማይኩ ራሱ ሳይበላሽ አይቀርም፤ የዋስትናው ጊዜ ሳያልፍ ቢመልሱት ይሻላል።

መልስ 2፦ የሸዋ በሩ ቀራጭ

አብሽር ወንድሜ፣ ማይክህን አትመልስ። የተበላሸ ማይክ ወሬን ከማሲንቆ ለይቶ አያጠፋም። ከላይ የጻፉት ወንድማችን ስለ ናሙና መጠን የተናገሩት ትክክል ነው፣ ነገር ግን የአንተ ምልክት ሌላ ነው። በማይክህ ላይ ድምፅ የሚያጣራ ፊልተር ጭነሃል ብዬ እገምታለሁ፤ በሚክሰሩ ላይ የማይኩን ምናሌ ከፍተህ «ፊልተርስ» የሚለውን ተመልከት። «ኖይዝ ሰፕሬሽን» (ጫጫታ ማፈኛ) ካለ ከጎኑ ያለችውን የዓይን ምልክት ተጭነህ አጥፋትና አጎትህን አንድ ስንኝ አስመታቸው።

ምክንያቱን ልንገርህ። ኦቢኤስ ለዚህ ሥራ ከሚያቀርባቸው ዘዴዎች መካከል ስፒክስና አርኤንኖይዝ ይገኛሉ፤ የሁለቱም መነሻ ዣን ማርክ ቫላን የተባለ የድምፅ መሐንዲስ ሥራ ሲሆን፣ ሁለቱም የተዘጋጁት ለሰው ንግግር ነው። በተለይ አርኤንኖይዝ ንግግርን ከጫጫታ እንዲለይ የሠለጠነ ስለሆነ፣ ንግግር ያልመሰለውን ሁሉ ጫጫታ ነው ብሎ ያፍነዋል። ከፈረስ ጭራ የሚወጣው፣ ሳይቋረጥ የሚሳበው የማሲንቆ ድምፅ ለእርሱ ከማራገቢያ ድምፅ ብዙም አይለይም። አጎትህ ሲያዜሙ ማሲንቆው ብቅ የሚለውም ለዚሁ ነው፤ ፊልተሩ የሰው ድምፅ ሰምቶ በሩን ሲከፍት ማሲንቆው አብሮ ሾልኮ ይገባል። እኔ ራሴ መንዙማ ስቀርጽ ድቤው በሙሉ ጠፍቶብኝ ስንት ሌሊት እንደባከንሁ አሁን ሳስበው ያስቀኛል።

የግራ ጆሮው ነገር ቀላል ነው። ኦቢኤስ የካርድህን ሁለት ማስገቢያዎች ግራና ቀኝ አድርጎ ስለሚወስዳቸው፣ አንዱ ባዶ ሲሆን አንድ ጆሮ ባዶ ይሆናል። «አድቫንስድ ኦዲዮ ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ሞኖ» የሚለውን ምረጥ። ድምፁ ከባዶው ጋር ስለሚካፈል በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ገደማ ዝቅ ይላል፤ ድምፅ በሚያጎላው የጌይን ፊልተር መልሰው።

ጠያቂ፦ የቧንቧ ውሃ ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዳሉት ሆኖ አገኘሁት። አርኤንኖይዝ በርቶ ነበር፤ ባጠፋሁት ቅጽበት ማሲንቆው ቤቱን ሞላው። ጆሮውም ተስተካክሏል። ነገር ግን ያንን ፊልተር የጫንሁት ያለ ምክንያት አልነበረም፦ ከጓሯችን ወፍጮ ቤት አለ፣ ጉምጉምታው አሁን ተመልሶ መጣ። ደግሞም አጎቴ ዝግ ብለው የሚናገሩት ቃል መጨረሻው ይቆረጣል፤ ማሲንቆውም ሲያልቅ ቀስ ብሎ መክሰም ሲገባው እንደ በር ጥርቅም ይላል።

መልስ 3፦ የሐይቅ ዳር

የሚቆርጠው «ኖይዝ ጌት» ነው፤ ድምፅ ከተወሰነ ልክ በታች ሲሆን እንደ በር የሚዘጋ ፊልተር ማለት ነው፤ እርሱንም ሳይጭኑት አልቀሩም። ሲጫን የመዝጊያው ልክ ከዜሮ በታች 32፣ የመክፈቻው ደግሞ ከዜሮ በታች 26 ዴሲቤል ሆኖ ይመጣል። ማይኩ አፋቸው ሥር ለሆነ፣ ጮክ ብለው ለሚናገሩ ሰዎች ይህ ልክ ይስማማ ይሆናል፤ በእርጋታ ለሚያወጉ አዛውንት ግን ጨካኝ ነው። ቢያስወግዱት ይሻላል፤ የግድ ከሆነ መዝጊያውን ከዜሮ በታች ወደ 50፣ መክፈቻውን ከዜሮ በታች ወደ 45 ያውርዱት።

ስለ ወፍጮው ስፒክስን በዝቅተኛ ልክ ቢሞክሩ እላለሁ። ሲጫን 30 ዴሲቤል ቀንስ ተብሎ ነው የሚመጣው፤ 10 ላይ ቢያደርጉት ማሲንቆውን ቢነካውም አይውጠውም።

መልስ 4፦ የሸዋ በሩ ቀራጭ

በጌቱ እስማማለሁ፣ በስፒክሱ ግን አልስማማም። 10 ዴሲቤልም ቢሆን ከቅኝቱ ላይ የሚላጭ ነገር አለ፣ አምባሰል ደግሞ እንዲህ ተላጭቶ አይሰማም። ወፍጮውን ከፊልተር በፊት በማይኩ አቀማመጥ ቀንሰው። ማይኩ ከአጎትህ አንድ ሜትር ርቆ ከሆነ ወደ ግማሽ ሜትር አቅርበው፤ ርቀቱ በግማሽ ባነሰ ቁጥር የእርሳቸው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ሲያድግ ወፍጮው ባለበት ይቀራል። ከዚያ የካርዱን ጌይን በዚያው ልክ ዝቅ ታደርጋለህ። ማይክህ ከፊቱ ብቻ የሚሰማ ዓይነት ከሆነ ጀርባውን ለወፍጮው ስጠው። ግድግዳው ላይ ወፍራም ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ መስቀልም የቤቱን ማስተጋባት ይቀንሳል፤ የወፍጮን ወፍራም ድምፅ ግን ጋቢ አያቆመውም፣ በዚህ አትታለል። የቀረችውን ጉምጉምታ ወፍራምና ቀጭን ድምፅን ለየብቻ በሚያስተካክለው ባለ ሦስት ክፍል ኢኳላይዘር ዝቅተኛውን ክፍል በመጠኑ በመቀነስ ታለዝባታለህ፤ ኦቢኤስህ ከ29ኛው እትም በፊት ከሆነ ግን ይህን ፊልተር አታገኘውም።

ለቀጥታ ስርጭት ማጣሪያ የግድ ካስፈለገህ፣ ያንኑ ማይክ ሁለት ጊዜ እንደ ምንጭ አስገባው፤ አንዱን ከነፊልተሩ ትራክ 1 (አንደኛው የድምፅ መስመር) ላይ፣ ሌላውን ምንም ሳትነካው ትራክ 2 ላይ አድርገው። በቅጂ ምርጫዎች ውስጥ ሁለቱም ትራኮች እንዲቀረጹ ማመልከት አትርሳ። ሁለቱን በአንድ ትራክ ላይ ከደረብሃቸው ግን በጥቂት ሚሊሰከንድ ስለሚለያዩ ድምፁ ጣሳ ውስጥ የሚናገሩ ይመስላል።

ጠያቂ፦ የቧንቧ ውሃ ልጅ

ዛሬ ወፍጮው ሳይነሳ፣ ገና ሊነጋጋ ሲል ቀረጽን። ማይኩን አቀረብሁት፣ ጌቱንም አስወገድሁት፤ የመጨረሻው ድምፅ እስኪከስም ድረስ አጎቴ ደጋኑን አየር ላይ እንደያዙ ሲቆዩ ዝምታው ጭምር ተቀርጿል። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ ከዚህ በፊት የቀረጽኋቸው ሦስት ቅጂዎች መዳን ይችላሉ?

መልስ 5፦ የሸዋ በሩ ቀራጭ

ከዚያው ፋይል አይድኑም። ፊልተሩ ድምፁን የሚያጣራው ከመቀረጹ በፊት ስለሆነ የጠፋው ማሲንቆ ፋይሉ ውስጥ አልገባም። የእህትህ ልጅ ግን በስልኩ ይቀርጽ ነበር ብለሃል። ያንን ድምፅ ከኦቢኤሱ ምስል ጋር አጋጥመው፦ በሁለቱም ላይ ጎልቶ የሚሰማ አንድ ጭብጨባ ፈልግና እርሱን መነሻ አድርግ። ቅጂው ረጅም ከሆነ ሁለቱ ቀስ በቀስ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ስለዚህ ዜማ ባለቀ ቁጥር ቆርጠህ እንደገና አስተካክላቸው። የስልኩን ቅጂ ግን እንዲልክልህ ስትጠይቀው በቴሌግራም እንደ ፋይል አድርጎ ይላከው እንጂ እንደ ተራ ቪዲዮ አይላከው፤ ይጨመቅብሃል።