ለመብራት መጥፋት የሚሆን ርካሽ ሶላር ጠቁሙኝ

የጎፋዋ፦
እባካችሁ ጥቆማ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ማታ ማታ መብራት ይጠፋብናል። ልጄ ደግሞ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ተፈታኝ ናት። በሻማ እንድታጠና አልፈልግም፤ ባለፈው የመጋረጃው ጫፍ ተለብልቦ ነው የደረስኩት። ከ2 ሺህ ብር የማይበልጥ፣ ቢያንስ 4 ሰዓት የሚያበራ ሶላር የት ላግኝ? በረንዳዬ ፀሐይ ያገኛል።

የሸገር ልጅ፦
ከመርካቶ እንዳትገዢ! እኔ ጉድ ሆኛለሁ። «300 ዋት» ተብሎ በትልቁ የተጻፈበት ፓውዛ ገዛሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ቤቱን ቀን አስመሰለው። በሁለተኛው ወር ራት ሳንጨርስ ይጠፋ ጀመር። በመጨረሻ በካቻቢቴ ፈታሁት። በዚያ ሁሉ ቆርቆሮ ውስጥ ያለችው ጣት የምታክል አንዲት ባትሪ ናት፣ በሙጫ የተለጠፈች። ሌላው ባዶ ነው። ልመልስ ስሄድ «ከተፈታ አንቀበልም» አሉኝ።

አራዳው፦
መዳፍ በምታክል ፓኔል 300 ዋት? ስታዲየም ልታበራ ነበር እንዴ?

የሸገር ልጅ፦
የተጻፈውን አምኜ ነው ወንድሜ። ሁሉም ሰው ኤሌክትሪሺያን አይደለም።

ቤቲ፦
የት ሱቅ ነው? እኛም እንዳንገባ።

የሸገር ልጅ፦
ስም አልጠራም። ብቻ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትውጡ።

የመሳለሚያዋ፦
መርካቶን በአንድ ሰው አትስደቡ! እኔ 6 ዓመት ሙሉ ከአንድ ደንበኛዬ ነው የምገዛው፣ አሳፍሮኝ አያውቅም። ሰሃን በሉት፣ ብርድ ልብስ በሉት። አሁን ሶላርም አስገብቷል። ገና አልሞከርኩትም፣ ግን እሱ ያመጣው ከሆነ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምገዛው።

ዋልያ፦
ሶላሩን ተዪው። ኢንቨርተር ከመኪና ባትሪ ጋር አስገጥሚ፣ ቴሌቪዥኑንም ይይዝልሻል።

ቤቲ፦
2 ሺህ ብር ነው እኮ ያለችው።

አያት ጨፌ፦
የጠፋው ሰፈሩ በሙሉ ነው ወይስ የእናንተ ብሎክ ብቻ? ብሎኩ ብቻ ከሆነ 905 ደውላችሁ አስመዝግቡ።

ጠጋኙ፦
እህታችን የጠየቀችው ተረሳ። ኤሌክትሮኒክስ እጠግናለሁ፣ ሶላር በብዛት ይመጣልኛል። ካርቶኑ ላይ ያለውን ዋት አትመኚ። ጠራራ ፀሐይ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ዋት ገደማ ነው። ጥሩ ፓኔል ከዚያ 20 በመቶውን ቢወስድ ነው። ስለዚህ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነች ፓኔል ቢበዛ 2 ዋት ትሰጣለች።

አንቺ የምታዪው የባትሪውን መጠን ነው። 3.7 ቮልት ሆኖ 2,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት (mAh) ካለው፣ 1 ዋት ኤልኢዲ 7 ሰዓት ያህል ያበራል። ደብተሩ አጠገብ ከተቀመጠ ለአንድ ተማሪ ይበቃል። የሰን ኪንግ ወይም የዲ ላይት ትንንሽ የጠረጴዛ መብራት ካገኘሽ ጥሩ ነው፤ ዋናው መሆኑን ግን ዋስትናውን ጠይቀሽ አረጋግጪ። ከመክፈልሽ በፊት ደጅ ፀሐይ ላይ አውጪውና የቻርጅ ምልክቷ መብራቷን እዪ።

ለአጥር የሚተከለውን እንዳትወስጂ፤ አብዛኛው ብርሃን ባየ ቁጥር ራሱ ይጠፋል። ፓኔሉን ከመስታወት ጀርባ አታድርጊው፣ ጉልበቱ ይቀንሳል። በበጋ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስለምታደላ ወደዚያ አዙሪው። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ። ክረምት ሲገባ ደመናው ስለሚበዛ በዩኤስቢም ቻርጅ የሚሆን ቢሆን ይሻላል፣ መብራት ሲኖር ትሞይዋለሽ።

የሸገር ልጅ፦
የኔስ ይድናል?

ጠጋኙ፦
ፓኔሉ ካልተሰነጠቀ ባትሪውን ብቻ ቀይር፣ ቮልቱ አንድ ዓይነት ይሁን። ያበጠ ከሆነ ግን እንዳትነካካው፣ እሳት ነው።

ሜሪላንድ፦
እኔ ለእናቴ ከዚህ ልይዝላት ነበር። ባትሪውን በሻንጣ ያሳልፉታል?

ጠጋኙ፦
መለዋወጫ ሊትየም ባትሪ ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ አይገባም፣ በእጅሽ ያዢው።

የጎፋዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ለደረጃውስ ምን ይሻላል? እናቴ ማታ ስትወርድ ግድግዳውን እየዳበሰች ነው።

የመሳለሚያዋ፦
ደንበኛዬ ጋ ሰው ሲያልፍ የሚበራ አለ! በውስጥ መስመር አድራሻውን ልላክልሽ።

የሸገር ልጅ፦
ባትሪውን ቀየርኩት። ትናንት ከ1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት አበራ። ጠጋኙ፣ ተባረክ።

ቤቲ፦
የጎፋዋ፣ በመጨረሻ የቱን ገዛሽ? እኔም ለአያቴ ልገዛ ነው።