ከፍሪሜሶኖች የማዕዘን ድንጋይ የወጣ የመዳብ ሣጥን እንዴት ይከፈታል?

ማኅበራችን በአሜሪካ ቀድሞ የፍሪሜሶኖች (የአንድ የቆየ የወንድማማችነት ማኅበር አባላት) መሰብሰቢያ የነበረ ሕንፃ ገዝቶ በማደስ ላይ ሳለ፣ የእነሱ መለያ የሆነው የእስኳድራና የኮምፓስ ምልክት ከ1911 (እ.ኤ.አ.) ጋር ከተቀረጸበት የማዕዘን ድንጋይ ጀርባ አንድ የመዳብ ሣጥን ተገኝቷል። የቀድሞዎቹ ባለቤቶች በውስጡ የሚገኙ ሰነዶች እንዲመለሱላቸው ጠይቀው እንድንከፍተው በጽሑፍ ፈቅደውልናል።

ሣጥኑ የጫማ ካርቶን ያህላል። ክዳኑ ዙሪያውን በእርሳስ የተበየደ ሲሆን፣ አንደኛውን ጥግ አረንጓዴ ዝገት በልቶት መርፌ የምታሾልክ ቀዳዳ ከፍቷል፤ አፍንጫን ጠጋ ሲያደርጉበት የሻገተ ወረቀት ይሸታል። ብየዳውን በቀጭን ቢላዋ ለማላቀቅ ስንሞክር መዳቡ መጣመም ስለ ጀመረ አቆምን። ሥራ ተቋራጩ በእሳት እናቅልጠው ቢልም፣ ምናልባት ሌላ ቅጂ የሌላቸው መዛግብት ባሉበት ሣጥን ላይ እሳት ማቅረብ ፈጽሞ አልተዋጠልንም፤ የእርሳስ ጭስም ለጤና አደገኛ ነው።

የአሜሪካ አብዮት ታዋቂ ሰዎች የሆኑት ሳሙኤል አዳምስና ፖል ሪቪር በ1795 (እ.ኤ.አ.) በማሳቹሴትስ ግዛት ምክር ቤት ሕንፃ መሠረት ያኖሯቸው ቅርሶች በ2015 ቦስተን በሚገኝ ሙዚየም ሲከፈቱ ጋዜጦቹና ሳንቲሞቹ በደህና መውጣታቸው ተስፋ ሰጥቶናል፤ ሆኖም የዚያ የናስ ሣጥን ክዳን በብሎን የታሰረ ስለ ነበር ዘዴው ለእኛ አይሆንም።

በውስጡ ያለው ወረቀት እርጥብ ሊሆን እንደሚችል ታሳቢ በማድረግ፣ ብየዳውን ሳንነካ ከክዳኑ ሥር ያለውን የመዳብ ግድግዳ በእጅ መጋዝ ዙሪያውን ብንቆርጠው ይሻላል ወይስ እርሳሱን ያለ እሳት ቀስ በቀስ ፍቆ ማንሣት ይቻላል?