ነገ ኤግዚቢሽን አለን፣ ብሬከሩ እየወረደ አስቸገረን!

የክበቡ ጸሐፊ (ልደታ)
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የኮሌጃችን የኤሌክትሪክ ክበብ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ሥራውን ያሳያል። የአንድ ቤት ዝርጋታ ቦርድ ላይ ሠርተናል። አምፖሉን ስናበራ ብሬከሩ ወዲያው ይወርዳል። ሦስቴ ፈታተን ገጠምነው። አሰልጣኛችን ወጥተዋል፤ ወርክሾፑ 12 ሰዓት ላይ ይዘጋል።

የመርካቶ ልጅ
ብሬከሩ አርጅቷል። ባለ 32 አምፔር ግዙና ቀይሩት።

ጋሽ ኤሌክትሪሻን
እንዲህ አትምከራቸው ወንድሜ! ገመዱ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ ብሬከሩ ሳይወርድ ገመዱ ይቃጠላል። ልጄ፣ ብሬከሩ «ቴስት» የሚል ቁልፍ አለው?

የክበቡ ጸሐፊ
አዎ አለው ጋሼ።

አራት ኪሎ
ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘናው) ደርሶ የምን ክበብ ነው? ቁጭ ብላችሁ አታጠኑም?

ጡረተኛው አሰልጣኝ
ሲኦሲ የሚፈትነው ይህንኑ አይደል እንዴ? ወርልድ ስኪልስ የሚባለው የሙያ ውድድር በ1950 እ.ኤ.አ. ስፔን ውስጥ ነው የተጀመረው። የአሜሪካ የሙያ ተማሪዎች ማኅበር ስኪልስ ዩኤስኤ ደግሞ በ1965 ተመሠረተ። ዛሬም ተማሪዎቹን በየሙያቸው ያወዳድራል። በክበብ ዕቃ ፈርሞ የተረከበ፣ ስብሰባ የመራ፣ ሥራውን ለእንግዳ ያስረዳ ልጅ ሥራ ሲገባ አይደናገጥም። ስንቱን አስተምሬ አይቻለሁ።

የመርካቶ ልጅ
እኔ አሁንም ብሬከሩ ነው እላለሁ። ቀይሩት።

ጋሽ ኤሌክትሪሻን
ቴስት ካለው የሊኬጅ ብሬከር ነው። በፌዙ (በመምጫው ሽቦ) የሄደው ከረንት በኒውትራሉ (በመመለሻው ሽቦ) ካልተመለሰ ይወርዳል። የ30 ሚሊ አምፔር ልዩነት ይበቃዋል። ባለ 9 ዋት አምፖል እንኳ በ220 ቮልት 40 ሚሊ አምፔር ገደማ ይስባል። የአምፖሉን ኒውትራል ኧርዝ ባር (የመሬት ሽቦዎች የሚታሰሩበት ብረት) ላይ አስራችሁት ይሆናል። መጀመሪያ ከሶኬት ንቀሉት። ከዚያ ሽቦውን ከአምፖሉ ጀምራችሁ ተከተሉት። ከብሬከሩ ከሚወጣው ኒውትራል ጋር መገናኘት አለበት።

ሰልጣኝ ደረጃ 4
ኒውትራሉን እዩ! እኛም አምና እንዲሁ ሆነን ነበር።

የክበቡ ጸሐፊ
ወይኔ! ሰማያዊ ሽቦ አልቆብን የአምፖሉን ኒውትራል በአረንጓዴ ቢጫ ነው የቀጠልነው። ሌላው ልጅ ኧርዝ መስሎት አስሮታል ማለት ነው። ጥበቃው ውጡ እያሉን ነው፣ ለምኜ ልግባ።

ጋሽ ኤሌክትሪሻን
አረንጓዴ ቢጫውን አውጡት፣ ለኧርዝ ብቻ ነው። ሁለት ሜትር ሰማያዊ ግዙ። አሰልጣኛችሁ ሳያዩት እንዳትሰኩት፣ አደራ!

አራት ኪሎ
እህቴ፣ በራ? ነገ መጥቼ አየዋለሁ።